ተውህበት

ወንድሜ ከሜሪላንድ ሲደውል ሁልጊዜ ሰዓት አይቶ ነው። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ደወለ። የምኖርባት የዓለም ገና ከተማ ጭር ብላለች። ከአስፋልቱ የከባድ መኪና ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሰው ሞተ ብዬ ልቤ ቀጥ አለ።

«ማንም አልሞተም» አለኝ ገና ሳልጠይቀው። ከዚያ ትንሽ ዝም ብሎ፣ «እማዬ እህት አላት እንዴ?» አለኝ።

«የላትም። እህቷ በአራስነቷ ነው የሞተችው» አልኩት። ይህን በቤታችን የማያውቅ የለም። አያቴ ስድስት ወልዳ ለወግ ለማዕረግ ያበቃችው ሁለት ነው፤ የበኩር ልጇን አጎቴንና የመጨረሻዋን እናቴን። የመሃሎቹ አራቱ ሞተዋል ተብሎ ነው ያደግነው።

«እንግዲያው ይቺ ሴት ማን ናት?» አለ።

812

ወንድሜ የሥራ ጓደኞቹ ሲያደርጉ አይቶ ምራቁን በብልቃጥ ለዲኤንኤ ምርመራ ከላከ ወራት አልፎት ነበር። ከየት ከየት እንደተወለድክ በመቶኛ የሚያሳየው ገበታ ከምናውቀው ያለፈ አልነገረንም። ከገበታው ሥር ግን የሥጋ ዘመዶች ዝርዝር አለ። አብዛኞቹ በሩቅ የሚገናኙ፣ ስማቸውን ሰምተን የማናውቅ ሰዎች ናቸው። የዚያን ለሊት ግን አንዲት ሴት ከሁሉም በላይ ወጥታ ተቀምጣ አገኛት። የምትኖረው ሚኒሶታ ነው። ከስሟ ትይዩ «812 ሴንቲሞርጋን» ይላል።

ሴንቲሞርጋን ሁለት ሰዎች ከጋራ ወላጅ ወይም አያት የወረሱትን ዲኤንኤ የሚለኩበት መስፈሪያ ነው። የሙሉ እህትማማቾች ልጆች በአማካይ 870 ገደማ ይጋራሉ። እናቶቻቸው በእናት ብቻ ወይም በአባት ብቻ የሚገናኙ ከሆነ ደግሞ አማካዩ ወደ 450 ይወርዳል። ችግሩ አማካይ መሆኑ ነው። ሁለቱም ወደ ላይም ወደ ታችም ሰፊ ርቀት ይሄዳሉ። 812 ወደ ሙሉዎቹ ያደላል እንጂ ግማሽ ሊሆን አይችልም ብሎ አይዘጋም።

ወንድሜ ጻፈላት። በማግስቱ መለሰችለት። «እናቴ በጉዲፈቻ ነው ያደገችው። ያደገችው ሆለታ ነው። የተወለደችው ሰበታ አካባቢ እንደሆነ ብቻ ነው የነገሯት። በሕይወት አለች።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኳት። ከዓለም ገና ሆለታ ስንት ሰዓት ነው? በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ!

አጎቴ በጆሮው የሰማው

ለእናቴ ከመንገሬ በፊት አጎቴ ጋ ሄድኩ። የሚኖረው ሰበታ፣ አያቶቼ ባቆዩት ግቢ ነው። እርሻው ድሮ ከተማ ሆኗል። በሦስት በኩል ፎቅ እየተሠራ፣ መሃሉ ላይ ያ የጭቃ ቤት አለ። ጥላው ረዘም ሲል ከግቢው ፀሐይ የሚቀር አንድ ጥግ ብቻ ነው። አጎቴም ሁልጊዜ እዚያ ጥግ ነው የሚቀመጠው።

ነገርኩት። ዝም አለ። «ጋሼ፣ ስለዚህ ነገር የሚያውቁት አለ?» አልኩት።

«ተይው ልጄ። ዝም አይነቅዝም» አለኝ።

እኔ ግን አልተውኩትም። አሁን ሳስበው መተው ነበረብኝ ወይ እላለሁ። የ77 ዓመት ሰው 70 ዓመት የያዘውን ነገር «ተንፍስ» ብሎ መወትወት መብቴ ነበር? መልሱን እስካሁን አላገኘሁም። ብቻ ተቀምጬ ጠበቅኩት። ሁለት ጊዜ ቡና ተፈላ። ሦስተኛው ላይ ተናገረ።

የ7 ዓመት ልጅ ነበር። ሳይነጋ ድምፅ ሰምቶ ተነሳ። አባቱ ከደጅ፣ ከመድረኩ ማዶ ቆሟል። በእቅፉ በነጠላ የተጠቀለለች ሕፃን ይዟል። አንዲት የማያውቃት ሴት በቅሎ ይዛ ቆማለች። አባቱ ጮክ ብሎ፣ ለሰው ሳይሆን ለሰማይ እንደሚናገር፣ ሦስት ጊዜ እንዲህ አለ፦ «ይህች ልጅ የእኔ አይደለችም። ይህች ልጅ የዚህ ቤት አይደለችም።» ከዚያ ሕፃኗን ለሴትዮዋ ሰጣት። እናቱ ውስጥ፣ ምሰሶው ሥር ተቀምጣ ነበር። አላለቀሰችም።

«አባቴ ውሸት ሲናገር ሰምቼ አላውቅም» አለኝ አጎቴ።

በቃ። የ7 ዓመት ልጅ የሰማውን አመነ። ከፍ ሲል ደግሞ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ገባው፤ ወይም የገባው መሰለው። እናቱ ከሌላ ሰው ወልዳለች፤ አባቱም ልጅቷን አውጥቶ ሰጥቷል። እናቱን አንድም ቀን አልጠየቃትም። በ1998 ዓ.ም. ቀበራት። ሆድ ይፍጀው ብሎ ለሚስቱ እንኳ ሳይናገር፣ ከሁሉም ጋር «ልጅቷ ሞታለች» እያለ ኖረ። የእናቱን ገመና የሸፈነ መስሎት ነበር።

ለአያቴ በጣም አዘንኩ። ለእሱ ደግሞ ይበልጥ። እናቱን እንደዚያ እየወደደ፣ በልቡ አንድ ጥግ ላይ ፈርዶባት ነው የኖረው።

1,746

እናቴ በዚያው ዓመት የወንድሜን ልጅ ክርስትና ለማየት ሜሪላንድ ሄደች። ከመሄዷ በፊት ሁሉንም ነገርኳት። አጎቴ የሰማውንም ሳልደብቅ። ብዙ አልተናገረችም። «ይመርመር» ብቻ አለች። እዚያ እንደደረሰች እሷም ምራቋን ሰጠች።

የእናቴ ምርመራ ከወንድሜ የበለጠ ዋጋ ነበረው፤ አንድ ትውልድ ትቀርባለች። የሚኒሶታዋ ሴት የሙሉ እህቷ ልጅ ከሆነች በአማካይ 1,740 ገደማ ይጋራሉ። የግማሽ እህቷ ልጅ ከሆነች 870 ገደማ። እዚህ ላይ ቁጥሮቹ በሰፊው ይራራቃሉ።

ውጤቱ መጋቢት ላይ መጣ፤ 1,746። ይህ ለግማሽ እህት ልጅ እጅግ ይበዛል። ያኔ የተሰጠችው ሕፃን የአያቴም የአያቴ ባልም ልጅ ናት። አያቴ ምንም አላደረገችም።

ወረቀቱን አትሜ ለአጎቴ ወሰድኩለት። መነጽሩን አድርጎ ቁጥሩን አየ። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን ፊቱ ጠቆረ።

«ታዲያ አባቴ ዋሸ?» አለ።

ይህ ጥያቄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ቁጥሩ እናቱን ነፃ አወጣ፤ ግን አባቱን ከሰሰ። አንድ አባት የገዛ ልጁን፣ ከሚስቱ የወለዳትን፣ ጎህ ሳይቀድ «የእኔ አይደለችም» ብሎ ለምን ይሰጣል? ዲኤንኤ ስለዚህ አንድም ቃል የለውም። ማን ከማን እንደተወለደ ይናገራል። ሰው ለምን ያደረገውን እንዳደረገ አይናገርም።

በመንግሥት በኩል የምፈልገው መዝገብ የለም። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። አያቴ ስትወልድ የነበረው መዝገብ ሌላ ነው። አጎቴ ተነስቶ ከአልጋው ሥር ሳጥን ሳበ።

የአባቱ ዳዊት

የብራና ዳዊት ነው። ማኅደሩ ደርቆ ጠርዙ ተሰነጣጥቋል። ሲከፈት ጭስና እጣን ይሸታል። የአያቴ ባል ከማግባቱ በፊት ቆሎ ተማሪ ነበር፤ ዳዊት ደግሞ ያነበንባል። ከመጨረሻው መዝሙር በኋላ ባሉት ባዶ ቅጠሎች ላይ የልጆቹን ልደት በእጁ ጽፏል። እናቴ ልጅ ሆና አይታዋለች። እኔም አይቼዋለሁ። ስድስት መስመር ነው። በመሃል ያሉት አራቱ መስመሮች መጨረሻቸው ላይ ተጨማሪ ቃል አላቸው። ያ ቃል «ሞተ» ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ግእዝ ማንበብ የሚችል ሰው ግን በቤታችን አልነበረም።

የደብሩን መሪጌታ ለመንን። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጡ። ቤቱ ጨለማ ስለነበር በስልኬ መብራት ያዝኩላቸው። ጣታቸውን ብራናው ላይ ሳያሳርፉ፣ ከአየር ላይ እየተከተሉ አነበቡ። የአጎቴን ልደት አነበቡ። ሁለተኛውን አነበቡ፤ ወንድ ልጅ ነው፣ መጨረሻው ላይ «አዕረፈ» ይላል። ሦስተኛውም ወንድ ነው፤ «አዕረፈ»። አራተኛው ላይ ደረሱ።

«ተወልደት አመተ ሚካኤል አመ ፲ወ፪ ለኅዳር በዕለተ እሑድ በዘመነ ሉቃስ» ካሉ በኋላ ቆሙ። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ብራናው ተጠጉ።

«ይቺ አዕረፈት አይደለችም» አሉ። «ተውህበት ነው የሚለው።»

«ምን ማለት ነው አባ?» አልኩ።

«ተሰጠች።»

ማናችንም አልተነፈስንም። አምስት ፊደል ናት። እዚያው ቤት፣ እዚያው ሳጥን ውስጥ 70 ዓመት ተቀምጣለች። ከላይና ከታች ያሉት መስመሮች በሞት ስለሚያልቁ እሷንም ከሞቱት ጋር ቀብረናት ነበር። ከቃሉ ቀጥሎ ሌላ ጽሑፍ ነበረ፤ እርጥበት ገብቶበት ቡናማ ምልክት ብቻ ቀርቷል።

መሪጌታው ዓመቱን በጣታቸው ቆጠሩ። «ኅዳር 12 በዘመነ ሉቃስ እሑድ የሚውለው በ28 ዓመት አንዴ ነው» አሉን። አንደኛው 1919 ነው፤ ያኔ አያቴ ራሷ ገና ልጅ ነች። ሌላኛው 1975 ነው፤ ያኔ ማሕፀኗ ዘግቷል። የቀረው 1947 ነው። አጎቴ 7 ዓመቱ የነበረበት።

ከዚያ ወደ አጎቴ ዞረው፣ «አባትህ ሲሰጣት የተናገረው ነገር ነበር?» ብለው ጠየቁት። እኔ አልነገርኳቸውም። አጎቴ አየኝ። ቀስ ብሎ ሦስቱን ጊዜ እንደሰማው ደገመላቸው።

መሪጌታው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከእሷ በፊት ሁለት ሞተውበታል። ሾተላይ ነው ብለው ፈርተዋል። የዱሮ ሰው ያደርገው ነበር። ልጁ የእኔ አይደለም ብሎ ለሌላ ቤት ይሰጣል፤ ሾተላይ ሰምቶ እንዲተዋት። አባትህ የተናገረው ለአንተ አልነበረም።»

አጎቴ ባርኔጣውን አወለቀ። ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። እጆቹን በላዩ አደረገ። ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ሆኖ ተቀመጠ።

ያ ቃል ሾተላይን እንዲያታልል የተነገረ ነው። የተታለለው ግን በር ሥር ተደብቆ የሚሰማው የ7 ዓመት ልጅ ነበር።

ሾተላይ

ሾተላይ ሲባል ልጅ ሆኜ እሰማ ነበር። የአራስ ልጅ የሚገድል ክፉ መንፈስ። በሱስንዮስ ጸሎት፣ በክታብ የሚባረር። የክታቡ ውርዝልያም ያችው ሕፃን ገዳይ ናት። ዛሬ ግን ሐኪም ቤት ብትሄዱ ሾተላይ የሚሉት ሌላ ነገር ነው። እኔም የሰማሁት ልጄን ስፀንስ ነው። የደሜ ዓይነት አርኤች (Rh) ኔጌቲቭ ነው። የባለቤቴ ፖዘቲቭ ነው። በ28 ሳምንት መርፌ ተወጋሁ፤ ልጄ ፖዘቲቭ ሆኖ ሲወለድ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ እንደገና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኔጌቲቭ የሆነች እናት ፖዘቲቭ ልጅ ስትወልድ የልጁ ደም ከደሟ ጋር ይነካካል። ሰውነቷ ባዕድ ገባብኝ ብሎ መከላከያ ያዘጋጃል፤ መርፌው ይህ እንዳይሆን ነው። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ያመልጣል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ፖዘቲቭ ልጅ ግን ገና በማሕፀን ሳለ ደሙ ይጠቃል። ቢወለድም ብዙ ሳይቆይ ቢጫ ይሆናል። አባትየው ፖዘቲቭም ኔጌቲቭም ማውረስ የሚችል ከሆነ እያንዳንዱ ልጅ ኔጌቲቭ የመሆን ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። ኔጌቲቭ የሆነውን ደግሞ የእናቱ ደም አይነካውም።

አሁን የዳዊቱን ስድስት መስመር በዚህ ዓይን ተመልከቱት። የመጀመሪያው አጎቴ ነው፤ ፖዘቲቭ ነው፣ ኖረ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሞቱ። አራተኛዋ ተሰጠች። አምስተኛው ሞተ። ስድስተኛዋ እናቴ ናት፤ በ1952 ተወለደች፣ ኔጌቲቭ ናት፣ ኖረች። አጎቴ ያስታውሳል፤ እናቱ የመጨረሻዋን ስትወልድ ሽማግሌዎች ይቺንም ስጪ ብለዋት ነበር። «ሁለተኛ አልሰጥም» ብላ እምቢ አለች። እኔ የተወጋሁት ዓይነት መርፌ በዓለም ላይ ሥራ የጀመረው በ1960 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ለአያቴ 8 ዓመት ዘገየባት።

አያቴ ሁልጊዜ የኅዳር ሚካኤልን ትዘክር ነበር። ከድፎው አንድ ሩብ ቆርሳ በእፊያ ትደፋበታለች። «ለመንገደኛ ነው» ትላለች። ሲመሽ ለነዳይ ይሰጣል። እኛ ልጆቹ ያችን ሩብ ብዙ ጊዜ ተመኝተናታል።

አሁን ስጽፍ አንድ ነገር ይቆጨኛል። ሰባት ቤት ቁጠሪ ብትሉኝ ያለመደናቀፍ እቆጥራለሁ፤ ሁሉም ወንዶች ናቸው። የአያቴን እናት ስም ግን አላውቅም። ጎጃምና ጎንደር ርስት በእናትም በአባትም በኩል ይጠየቅ ስለነበር፣ ባለርስት ሴት አያቶቹን ለሙግት ሲል ያጠና ነበር። እኛ ርስት ስላልነበረን ይሆናል ሴቶቹን የጣልናቸው። ይህን ምስጢር የያዘችው ግን ሴት ናት። በአባት ስም ስንቆጥር በአጠገቧ ሰባት ጊዜ አልፈናታል።

ሆለታ

የሄድነው ዘንድሮ ኅዳር 12 ነው። እናቴ፣ አጎቴ፣ መሪጌታውና እኔ። ዳዊቱን አጎቴ በጭኑ ይዞታል። ቀኑ አርብ ስለነበር ይዘን የሄድነው ድፎና የጾም ወጥ ነው።

አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን። መታወቂያዋ የተወለደችበትን ዓመት 1950 ይላል፤ በግምት የተሞላ ነው። ያሳደገቻት እናት ግን ስለ ልደቷ ሁለት ነገር ነግራታለች። የክርስትና ስምሽ አመተ ሚካኤል ነው፤ የኅዳር ሚካኤልን አታስታጉዪ። እሷም አንድም ዓመት አላስታጎለችም። ቤቷ ስንገባ ዝክሩ ቀርቦ ነበር።

ዘር ከልጓም ይስባል የሚባለውን ያን ቀን አየሁ። እናቴና እሷ ሲቀመጡ ሁለቱም ግራ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠቀልላሉ። አያቴም እንደዚያ ታደርግ ነበር። እናቴ ሰበታ ስላደገች ኦሮምኛ አፏን የፈታችበት ያህል ነው። ሁለቱ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ እየተሻገሩ ሲያወሩ ዋሉ። ከመሃል አክስቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔም አራት ወልጄ አንዷ ናት የቀረችልኝ፤ ያቺው አሜሪካ ያለችው» አለች። ክረምት ላይ ሆለታ ደሟን አስመርምራ ነበር። ኔጌቲቭ ነው። በበቅሎ ተጭና ያመለጠችው ሾተላይ በደሟ ውስጥ አብሯት ሄዷል። እናቴ እጇን ያዘቻት። ከዚያ በኋላ አልለቀቀቻትም።

አጎቴ ከተቀመጠበት ተነስቶ እግሯ ላይ ሊወድቅ ሲል አነሳችው። «ሞታለች ስል ኖሬያለሁ» አላት። «ሰምቻለሁ፤ ነግረውኛል። ልጅ ነበርክ» አለችው።

ከምሳ በኋላ ዳዊቱ ተከፈተ። መሪጌታው መስመሯን አሳዩዋት። ማንበብ አትችልም፤ ግን ጣቷን አስጠግታ ለረጅም ጊዜ አየችው። መሪጌታው እርጥበት ባጠፋው ቦታ ላይ አንድ ቃል እንጨምር አሉ። «ተረክበት» እንበል፤ ተገኘች ማለት ነው። ሁላችንም ደስ አለን። አጎቴ እስኪርቢቶ ከኪሱ አወጣ።

«አይሆንም» አለች አክስቴ።

ዞር ብለን አየናት።

«አልጠፋሁም እኮ» አለች። «ተሰጠሁ፤ የተቀበሉኝም አሉ። ልጃችን ብለው አሳድገው ድረውኛል። መጻፍ ካለባችሁ የእነሱን ስም ጻፉ።»

አጎቴ እስኪርቢቶውን ለመሪጌታው ሊሰጥ ዘረጋ፤ ከዚያ መልሶ ወሰደው። መነጽሩን አስተካከለ። ብራናው ቅባት ስላለው እስኪርቢቶው መጀመሪያ አልጻፈም፤ በመዳፉ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አሟሸው። ከዚያ ከ«ተውህበት» ጎን፣ ቡናማው ምልክት ላይ፣ እሷ ፊደል በፊደል እየነገረችው የሁለቱን ሰዎች ስም ጻፈ።